መስካቲን፦ የአዝራርና የሱዛን ከተማ

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማታ፣ ከነድካማችሁ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አባቶችና እናቶች ከፊት ስለተቀመጣችሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራለሁ። ያልተሰማ ነገር ካለ እጅ አውጡና አስቁሙኝ።

ከተማዋ መስካቲን ትባላለች። አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ናት። በ2020 ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 24,000 አልሞላም። በኢንተርስቴት 80 የሚነዳ ሰው ሳያያት ነው የሚያልፈው። አውራ ጎዳናው ከእሷ በስተሰሜን ይሄዳል።

ለምን እሷን መረጥኩ? ከሌላ አገር መጥተን ብዙዎቻችን የምንኖረው እዚህ በሚድዌስት፣ በአሜሪካ መሀል ሰሜን ባሉ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ነው። እንሠራለን፣ ልጆች እናስተምራለን፣ ግብር እንከፍላለን። የከተማው ታሪክ ግን የእነሱ ነው፣ እኛን አይመለከትም ብለን እንተወዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። የእነዚህን ከተሞች ታሪክ ገለጥ ገለጥ ስታደርጉት ደጋግሞ ብቅ የሚለው መጤ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ አንድ ሙያ በእጁ የያዘ፣ «እዚሁ ነኝ» ብሎ የተከለ ሰው። መስካቲንን ካየን ይሄ ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል።

አንድ ነገር ላስታውስ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱ መጀመሪያ የሶክና የመስክዋኪ ሕዝቦች፣ የአሜሪካ ነባር ተወላጆች፣ ነበር። በ1832 ከተካሄደው የብላክ ሆክ ጦርነት በኋላ የወንዙን ዳርቻ ለቀው እንዲሄዱ ተገደዱ። ይህን ሳይናገሩ የከተማዋን ልደት መናገር ተገቢ አይመስለኝም። በ1833 የንግድ ጣቢያ ቆመ። በ1839 ብሉሚንግተን በሚል ስም ከተማ ሆነች። በአካባቢው ሌሎች ብሉሚንግተኖች ስለነበሩ ደብዳቤው ሁሉ እየተሳሳተ ሌላ ቦታ ይደርስ ነበር። በመጨረሻ ስሟን ቀይራ መስካቲን ተባለች።

በዚያ ዘመን ወንዝ ማለት መንገድ ነው። ሰውም ዕቃም የሚመጣው በእንፋሎት መርከብ ነው። መርከቡ ደግሞ ያለ ማገዶ አይንቀሳቀስም። በየወደቡ እየቆመ እንጨት ይጭናል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ያለ ሰው እንጨት ቆርጦ ከከመረ ገበያው ራሱ ወደ እሱ ይመጣል።

ይህን ቀድመው ከገባቸው ሰዎች አንዱ አሌክሳንደር ክላርክ ነበሩ።

ክላርክ በ1826 በፔንሲልቬኒያ ተወለዱ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በ13 ዓመታቸው ወደ ሲንሲናቲ፣ ወደ አጎታቸው ቤት ተላኩ። አጎትዬው የፀጉር ማስተካከል ሙያ አስተማሯቸው፤ ትምህርትም እንዲማሩ አደረጉ። ከዚያ በመርከብ ላይ ሠሩ። በ1842፣ ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ መስካቲን ወርደው ፀጉር ቤት ከፈቱ።

ፀጉር ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዳኛውም ነጋዴውም የመርከብ ካፒቴኑም እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወሬ ይሰማል፣ ሰው ይታወቃል። ክላርክ በፀጉር ቤቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም ያገኙት። ማን መሬት እንደሚሸጥ፣ የትኛው መርከብ መቼ እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። ለመርከቦች ማገዶ አቀረቡ። ከዚያ ቦታና ቤት መግዛት ጀመሩ። በ1848 ካትሪን ግሪፊንን አገቡ። ካትሪን ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት የተወለዱና በሕፃንነታቸው ነፃ የወጡ ሴት ናቸው።

ከ1840ዎቹ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ አዮዋ ውስጥ ትልቁ የጥቁሮች ማኅበረሰብ የነበረው በዚህች ከተማ ነው። ገሚሱ ነፃ ሰው ነው፣ ገሚሱ ከደቡብ አምልጦ የመጣ። ሚዙሪ፣ ባርነት የተፈቀደበት ግዛት፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርዱ ቅርብ ነው። አብረው የአፍሪካን ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። እዚህ ክፍል ውስጥ ያላችሁ፣ ኪራይ አዳራሽ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር የጀመራችሁ ሰዎች፣ ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ታውቁታላችሁ። በ1851 የአዮዋ ሕግ አውጪዎች ነፃ ጥቁሮች ወደ ግዛቱ እንዳይገቡ ከለከሉ። ክላርክና ጎረቤቶቻቸው ይህ ሕግ እንዲሻር አቤቱታ ፈርመው ላኩ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ክላርክ ለጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር ሰው መለመሉ። እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው ችግር ምክንያት መዝመት አልቻሉም።

አሁን ወደ ሱዛን እንምጣ።

ሱዛን የአሌክሳንደርና የካትሪን ልጅ ናት። በ1867 መስከረም፣ 12 ዓመቷ ነው። ሰፈሯ ወዳለው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ቁጥር ሰዋስው ትምህርት ቤት ወደሚባለው፣ ሄደች። አትገቢም ተባለች። ምክንያቱ ቀለሟ ነው። ለጥቁር ልጆች ተብሎ የተለየ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፣ ወደዚያ ሂጂ አሏት። እሱ ደግሞ ከቤቷ ራቅ ይላል።

እስኪ ጠዋቱን አስቡት። ደብተር የያዘች ልጅ በር ላይ ቆማ ስትመለስ። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ እንዲህ ሆና ብትመለስ ምን ታደርጋላችሁ? ክላርክ ጠበቃ ቀጠሩና የትምህርት ቤቱን ቦርድ ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት አሸነፉ። ቦርዱ ይግባኝ አለ። ጉዳዩ የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

በ1868 ዳኛ ቼስተር ኮል የጻፉት ውሳኔ ወጣ። እኔ ይህን ውሳኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ እንዲህ ነው። የአዮዋ ሕግ ትምህርት «ለግዛቱ ወጣቶች ሁሉ» ነው ይላል። ሁሉ ካለ ሁሉ ነው። ቦርዱ ልጅን በቀለሙ የመለየት ሥልጣን የለውም። ቀጥሎ የመጣው ነጥብ ከዚህም ይበልጣል። ቦርዱ ዛሬ በቀለም መለየት ከቻለ ነገ የጀርመኑን ልጅ ለብቻ፣ የአይሪሹን ልጅ ለብቻ ማድረግ ይችላል። በሃይማኖትም፣ በአለባበስም መለየት ይችላል።

ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ መስካቲን ውስጥ ጀርመኖችና አይሪሾች ብዙ ነበሩ። ብዙዎቹ አዲስ መጤዎች ናቸው። ዳኛው የነገሯቸው ነገር ግልጽ ነው። በሱዛን ላይ የተዘጋው በር በእናንተም ልጆች ላይ ሊዘጋ ይችላል። የአንዲት ጥቁር ልጅ ክስ የመጤውን ሁሉ ልጅ ጠበቀ። በአገር አቀፍ ደረጃ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት መለያየትን የከለከለው በ1954 ነው። መስካቲን በ86 ዓመት ቀድማለች።

ሱዛን ገባች፣ ተማረች፣ በ1871 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨረሰች። በኋላ ቄስ አግብታ በልብስ ስፌት ሙያ ሠርታለች። አባቷም አላረፉም። በዚያው በ1868 በዴ ሞይን ከተማ የተካሄደውን የጥቁሮች ጉባኤ መሩ። ጥያቄው የመምረጥ መብት ነበር። በዚያው ዓመት የአዮዋ መራጮች «ነጭ» የሚለውን ቃል ከምርጫ ሕጉ አወጡት። ልጃቸው አሌክሳንደር በ1879 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ ከዚያ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። አባትየው ደግሞ ልጃቸውን ተከትለው እዚያው ገቡና በ1884፣ በ58 ዓመታቸው፣ ሕግ ተመረቁ። እዚህ መጥታችሁ በ40 ወይም በ50 ዓመታችሁ ኮሌጅ የገባችሁ አላችሁ። ይህን ታሪክ ስናገር ዓይኔ እናንተ ላይ ነው።

በ1890 ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ክላርክን በላይቤሪያ የአሜሪካ መልእክተኛ አድርገው ሾሟቸው። በ1891 እዚያው ሞንሮቪያ ላይ በንዳድ ሞቱ። አስከሬናቸው ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ መስካቲን፣ ግሪንውድ መቃብር ውስጥ አረፈ።

በዚያው በ1891 ሌላ መጤ መስካቲን ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። የከተማዋ ሁለተኛ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጆን ፍሬድሪክ ቤፕል ከጀርመን፣ ከሐምቡርግ አካባቢ የመጡ ናቸው። ሙያቸው አዝራር መሥራት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የኮት ቁልፍ። አገራቸው ሳሉ ከቀንድና ከባሕር ዛጎል ይሠሩ ነበር። በ1887 አሜሪካ ገቡ፤ በመጀመሪያ በእርሻ ላይ የቀን ሥራ ሠሩ። እንደሚተረከው ኢሊኖይ ውስጥ ወንዝ ገብተው ሲታጠቡ እግራቸውን አንድ ነገር ቆረጣቸው። አጎንብሰው ሲያዩት የወንዝ ዛጎል ነው፤ በሁለት ቅርፊት መሀል የሚኖር ፍጥረት። ወፍራም፣ ውስጡ እንደ ዕንቁ የሚያበራ። ሌላ ሰው ቢሆን ተራግሞ ይሄዳል። አዝራር ሠሪ ግን ቆሞ ያየዋል።

በ1890 ኮንግረስ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ከፍ አደረገ፤ የማኪንሊ ቀረጥ ይባላል። ከአውሮፓ የሚመጣው አዝራር ተወደደ። ቤፕል የሚጠብቁት ጊዜ መጣ። በእግር የሚነዳ ቶርኖ ይዘው መስካቲን ላይ ሥራ ጀመሩ። መስካቲን የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ወንዙ እዚያ ጋ ዛጎል ሞልቶት ነበር።

እስኪ ይህን ቅርፊት ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉት። ከሙዚየሙ ሱቅ የገዛሁት ነው። ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ውጪው ጥቁር ቡናማና ሻካራ ነው። ገልብጡት። ውስጡ ነጭ ነው፣ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ሮዝ ይመስላል። ክብ ክብ ቀዳዳዎቹን አያችኋቸው? ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አዝራር ወጥቷል። በማጠፊያው በኩል ያለው ወፍራም ነው፤ ወደ ጠርዝ ስትሄዱ ይሳሳል። ወፍራሙ ለኮት፣ ስሱ ለሸሚዝ ይሆናል። ጎበዝ ቆራጭ ቅርፊቱን አንድ ጊዜ አይቶ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። በቀዳዳና በቀዳዳ መሀል የቀረው ቦታ ጠባብ ከሆነ ሰውየው ሙያ አለው ማለት ነው። የአዝራር መጠን የሚለካው በ«ላይን» ነው፤ 40 ላይን አንድ ኢንች ይሆናል። ከእናንተ ውስጥ ልብስ ሰፊ ካለ ያውቀዋል።

ሥራው እንዴት ይሄድ እንደነበር ልንገራችሁ። ዛጎል አጥማጁ ጠፍጣፋ ጀልባ አለው። ከረጅም ብረት ላይ ብዙ ገመድ ይንጠለጠላል፣ በየገመዱ ላይ አራት ጣት ያለው መንጠቆ አለ። ምግብ የለውም፣ ባዶ መንጠቆ ነው። ዛጎሉ ወንዙ ወለል ላይ አፉን ወደ ውኃው መምጫ ከፍቶ ነው የሚተኛው። መንጠቆው ሲነካው ይደነግጥና ግጥም አድርጎ ይዘጋል። በራሱ ጉልበት ይያዛል። አጥማጁ ብረቱን ሲያወጣው ዛጎል ተንዠርግጎበት ይመጣል።

ከዚያ ወደ ዳር ይወሰድና በትልቅ ገንዳ ይቀቀላል። ስጋው ይወጣል፤ ለአሳማ መኖ ይሰጣል፣ ለዓሣ ማጥመጃ ይሆናል። ሽታው ከባድ ነው። ስጋውን በጣት እየዳሰሱ የሚለዩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ለምን ይዳስሳሉ? አንዳንዴ ዕንቁ ይገኛላ። ጥሩ ዕንቁ ያገኘ ቤተሰብ ኑሮው በአንድ ቀን ይለወጣል። አብዛኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ዳስሶ አላገኘም።

ቅርፊቱ በዓይነት ይለያል። አጥማጆቹ ለየዓይነቱ ስም ነበራቸው። የጦጣ ፊት፣ የሽጉጥ እጀታ፣ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ፣ ተረከዝ ሰንጣቂ። ቀጥሎ እንዳይሰባበር ቀናት ያህል በበርሜል ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ቆራጩ ቱቦ በሚመስል ክብ መጋዝ ፊት ይቀመጣል። ቅርፊቱን በእጁ ይዞ ወደ መጋዙ ይገፋል። ውኃ ይረጫል፣ አቧራ ይበናል። ጣት ይቆረጣል፣ ዓይን ይጎዳል፣ ሳንባ ይታመማል። የወጣው ክብ ቁራጭ ይሞረዳል፣ ይበሳል፣ በአሲድ ይወለወላል። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የባሪ ወንድማማቾች የሠሩት ማሽን መሞረዱንና መብሳቱን አንድ ላይ አደረገው። ማሽኑ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ነበሩ። የተጠናቀቀው አዝራር ወደየቤቱ ይከፋፈላል። እናትና ልጆች ማታ በመብራት ዙሪያ ተቀምጠው አዝራሩን በካርቶን ላይ ይሰፋሉ። ሱቅ ውስጥ በካርድ ላይ ተሰፍቶ የሚሸጠው ማለት ነው።

በ1905 መስካቲን በዓመት 1.5 ቢሊዮን አዝራር ታመርት ነበር። በዓለም ላይ ከሚሠራው ከሲሶ በላይ፣ ወደ 37 በመቶ ይደርሳል። «የዓለም የዕንቁ አዝራር ዋና ከተማ» መባሏ ከዚህ የመጣ ነው። በኒው ዮርክ ሸሚዝ የለበሰ ሰው፣ በለንደን ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ደረታቸው ላይ የሚሲሲፒን ወንዝ ወለል ይዘው ይዞሩ ነበር።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። ሰው ሲደክም ዋናው ጥያቄ ማን በላው ነው። ቆራጩ የሚከፈለው በግሮስ ነው። ግሮስ ማለት 12 ደርዘን ነው፣ 144። ለቆራጩ ሲሆን ግን ግሮሱ 14 ደርዘን ይቆጠር ነበር፣ 168። የሚሰበረውን ለማካካስ ነው ይባላል። ማካካሻው ከሠራተኛው ኪስ ነው የሚወጣው። በዚህና በመሰል ነገር የተቆጡ ሠራተኞች በ1910 መገባደጃ ማኅበር አቋቋሙ። በ1911 የካቲት ላይ ፋብሪካዎቹ በራቸውን ዘጉ። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ውጪ ቀረ። ከዚያ አድማ፣ ሰልፍ፣ ግጭት ተከተለ። የግዛቱ ገዥ ሚሊሺያ ላኩ። በአንዲት ትንሽ ከተማ ጎዳና ላይ ወታደር ቆመ። ጎረቤት ከጎረቤት ተቆራረጠ፤ አንዱ ሥራ ገብቷል፣ አንዱ በር ላይ ይጮኻል። ነገሩ እስከ 1912 ዘለቀ። ማኅበሩ አላሸነፈም።

እኔ እዚህ ጋ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ አድማ ከትልቅ ከተማ ይከብዳል። ባለ ፋብሪካውንም፣ አድማ ሰባሪውንም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለህ። ልጆቻችሁ አንድ ክፍል ይማራሉ። መስካቲን የአዝራር ከተማ ነበረች ሲባል፣ ይህን ቁስል ጨምሮ መባል አለበት ብዬ አምናለሁ። ማሽኑንና የፋብሪካ ባለቤቱን ፎቶ ብቻ አይቶ መውጣት ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል።

ወንዙስ? ከአዝራሩ በፊት ከተማዋ የእንጨት ከተማ ነበረች። ከሰሜን በኩል፣ ከዊስኮንሲንና ከሚኒሶታ ደን የተቆረጠ ግንድ በወንዙ ላይ ተንሳፎ ይመጣና እዚህ ይሰነጠቅ ነበር። ደኑ አለቀ፣ መሰንጠቂያዎቹም ተዘጉ። ዛጎሉም ወደዚያው እየሄደ ነበር። ዛጎል ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጥረት ነው። ገና በጥቂት ዓመት ውስጥ አጥማጆች ከመስካቲን ርቀው፣ ሌላ ወንዝ ላይ መፈለግ ጀመሩ።

ፋብሪካዎቹ ደነገጡ። በ1908 ኮንግረስ ፈቅዶ ከመስካቲን በላይ ፌርፖርት በሚባል ቦታ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ሥራው ዛጎል ማራባት ነው። የዛጎል አወላለድ ይገርማል። ከእናቲቱ የሚወጣው እጭ በዓይን የማይለይ ትንሽ ነው። ብቻውን አያድግም። ዓሣ ስንጥብ ላይ መጣበቅ አለበት። እዚያ ሳምንታት ተሸክሞት ይዞራል፤ ከዚያ ይወርድና ወንዙ ወለል ላይ ኑሮውን ይጀምራል። የተወሰነው የዛጎል ዓይነት የሚፈልገው የተወሰነ ዓሣ ነው። ስለዚህ ዓሣው ከጠፋ ዛጎሉም ይጠፋል። የፌርፖርት ሰዎች ዓሣ እየያዙ፣ እጩን ስንጥቡ ላይ እያስጣበቁ መልሰው ወንዝ ውስጥ ይለቁ ነበር። ቤፕልም በመጨረሻ ለዚህ ጣቢያ ሠርተዋል። በ1912 ሞቱ። የሞታቸው ምክንያት ወንዝ ውስጥ ሲሄዱ እግራቸውን የቆረጣቸው ዛጎል ያመጣው መመረዝ ነው።

ምርምሩ ግን የአዝራሩን ፍላጎት አልደረሰበትም። የፋብሪካና የከተማ ቆሻሻ ወንዙን አበላሸው። በ1930ዎቹ ለመርከብ ጉዞ ተብለው ግድቦች ተሠሩ። 16ኛ ቁጥር ግድብ መስካቲን አጠገብ ነው። ውኃው ዝግ ሲል ደለል ተኛ፣ ዛጎሉን ሸፈነው። ከሁሉ በላይ የመጣው ፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ አንድ ዓይነት ነው፣ በልብስ ማጠቢያ ማሽን አይበላሽም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የዛጎል አዝራር መቁረጥ አበቃ። ቅርፊቱ ራሱ ግን ሌላ ገዢ አገኘ። ጃፓኖች በሰው እጅ የሚያራቡት ዕንቁ መሀሉ ላይ ፍሬ ይፈልጋል፤ ያ ፍሬ የሚሠራው ከዚህ ወንዝ ቅርፊት ነው። አንገት ላይ ያለው የጃፓን ዕንቁ ሆዱ ውስጥ ሚሲሲፒ አለ ማለት ነው።

ስለ ቀረው የከተማዋ ኑሮ ቶሎ ቶሎ ልበል። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው አሸዋማ መሬት ጣፋጭ ሐብሐብ ያበቅላል፤ የመስካቲን ሐብሐብ በሚድዌስት ስሙ የታወቀ ነው። የሄንዝ ኩባንያ ከፒትስበርግ ውጪ የመጀመሪያ ፋብሪካውን በ1893 እዚህ ከፈተ። ቲማቲም ለመልቀም ከቴክሳስና ከሜክሲኮ ሰዎች መጡ። ብዙዎቹ ለወቅቱ መጥተው ቀሩ። ዛሬ የከተማዋ የላቲኖ ማኅበረሰብ ትልቅ ነው። በ1985 ከቻይና የመጣ የግብርና ልዑክ ውስጥ አንድ ወጣት ባለሥልጣን ነበር፤ በአንድ ቤተሰብ ልጆች መኝታ ክፍል አደረ። ስሙ ሺ ጂንፒንግ ነው። በ2012 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመጣ የድሮ አስተናጋጆቹን ሊያይ መስካቲን ተመለሰ። በ1993 በመጣው ታላቅ ጎርፍ ወንዙ መሀል ከተማ ሲገባ ሰው ሁሉ አሸዋ በጆንያ እየሞላ ደርድሯል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የአዝራሩ ታሪክ ቶሎ ክብር አገኘ። በወንዙ ዳር የዛጎል አጥማጅ ትልቅ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። መሀል ከተማ ብሔራዊ የዕንቁ አዝራር ሙዚየም አለ። የክላርኮች ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ጠበቀ። በ1970ዎቹ ቤታቸው ሊፈርስ ነበር፤ ቦታው ለአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ ተፈልጎ ነው። የከተማዋ ሰዎች ተቃወሙ። ቤቱ ከነግድግዳው ተነቅሎ ጥቂት ፈቀቅ ተደረገ፣ ዳነም። በመጨረሻ በ2020 የከተማዋ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚገቡበት ትምህርት ቤት «ሱዛን ክላርክ» የሚል ስም ይዞ ተከፈተ። አትገቢም ከተባለች 153 ዓመት በኋላ። ይህ የሆነው የአካባቢ ታሪክ የሚወዱ ነዋሪዎች ዓመታት ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ እየገለጡ፣ ስብሰባ እየሄዱ፣ ስለነዘነዙ ነው። የተከፈላቸው ነገር የለም። አብዛኛዎቹ የክላርክ ዘመድም አይደሉም። ከተማችን ናት ብለው ነው።

እኛም በምንኖርበት ከተማ ይህን ማድረግ እንችላለን። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ የአካባቢ ታሪክ ክፍሉን ጠይቁ። የድሮ ጋዜጦች አሉ፣ የቤት ሽያጭ መዝገብ አለ፣ የመቃብር ዝርዝር አለ። የሚሠሩት ሰዎች ጠያቂ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።

እዚህ ላይ ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ተቀበልኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት የጠየቁኝን እዚህ ጽሑፍ ላይ ልጨምረው፣ ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ። «ልጄ፣ ዛጎሉ ተመልሷል ወይስ አልቋል?» አሉኝ።

አላለቀም አባቴ፣ ግን ተጎድቷል። ሂጊንስ አይ የሚባለው ዓይነት ከ1976 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ አለ። በ1990ዎቹ ደግሞ ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ የመጣ የሜዳ አህያ መስመር ያለው ትንሽ ዛጎል ወንዙን ወረረው። የድሮዎቹ ላይ እየተለጠፈ ያፍናቸዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች በዊስኮንሲን ጄኖዋ በሚባል የዓሣ ማርቢያ ውስጥ ሂጊንስ አይን እያራቡ ወደ ወንዙ ይመልሳሉ። ዘዴው ለፋብሪካ አዝራር ተብሎ ፌርፖርት ላይ የተሞከረው ነው። እጩን ዓሣ ስንጥብ ላይ ያስጣብቃሉ፣ እስኪወርድ ይጠብቃሉ፣ ሲጠነክር ወንዙ ወለል ላይ ያስቀምጡታል። የፌርፖርት ጣቢያም ዛሬ የአዮዋ ግዛት የዓሣ ማርቢያ ሆኖ ይሠራል። ከመስካቲን በመኪና ቅርብ ነው።